የቦራ ቀኝ እግር

ባለጋሪ ፈረሱ ሲያነክስበት ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ሐዋሳ ውስጥ የለም። መጀመሪያ ጎረቤቱን ያማክራል። ጎረቤትም፣ መቼም በሰው ከብት ላይ ሐኪም ያልሆነ የለምና፣ «ትከሻው ወልቆ ነው» ይለዋል። ከዚያ ብረት አግሎ የሚተኩስ ሰው ይጠራና የፈረሱ ትከሻ ይተለተላል። እሳቱ ካላዳነው አንድ ቀን ሲመሻሽ ሣር ያለበት ቦታ ድረስ ይነዳውና ልጓሙን ያወልቅለታል፣ ጀርባውን ቸብ ያደርገዋል፣ ዞር ብሎ ሳያይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዞሮ ማየት የለም፤ ደንቡ ነው። በማግስቱ «ፈረስህስ?» ያለው ሰው ካለ «ለቀቅሁት» ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው አይኖርም።

ታቢታ ከመሃል ከተማ ወደ ቡሹሎ በሚወስደው የኮብልስቶን መንገድ ዳር ስትኖር የተለቀቁ ፈረሶች በደጇ ብዙ አልፈዋል። መንገድ መሃል ቆመው ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋባቸው ጆሯቸውን እንኳ አያነቃንቁም። አንድ ቀን ጠዋት ከቆሙበት ይጠፋሉ። ጅብ ነው ይባላል፤ ሄዶ ያየ ግን የለም። ታቢታም እንደ ሰዉ አይታ ታልፍ ነበር። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ በስተርጅና ቡዳ መባልን ደግሞ ማን ይፈልጋል።

ዕድሜዋን የጨረሰችው ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አንሶላ በማጠብ ነው። አንዱ እንግዳ ተኝቶበት የሄደውን አንሶላ ለሌላው እንግዳ ማንም እንዳልተኛበት አድርጎ ማቅረብ፣ ሥራዋ ይኸው ነበር። ከበረኪናው ብዛት የጣት አሻራዋ ተፍቆ፣ አዲሱን መታወቂያ ልታወጣ ሄዳ ማሽኑ እምቢ ብሎ መዝጋቢዋን አስቸግሯል። «እማማ፣ ጣትዎ የለም እኮ» አለቻት ልጅቷ እየሳቀች። ታቢታም ሳቀች፤ ቤቷ ስትደርስ ግን ነገሩ አላሳቃትም።

ባሏ አናጢ ነበር፤ ሞተ። ልጇ ሐዳሳ ጅማ አግብታ እዚያው ቀረች። ሆቴሉም ማጠቢያ ማሽን አስገባና አመስግኖ አሰናበታት። ሲያሰናብታት ያረጁ አንሶላዎች በሸክም ሰጣት። ዕድሜ ልኳን ስታጥብ የኖረችውን አንሶላ ለምን እንደ ስጦታ እንደሰጧት እስከ ዛሬ አልገባትም። አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

እሑድ እሑድ ከቸርች ስትመለስ ሐዳሳ ትደውላለች። «እማ፣ በላሽ?» ትላታለች። «በላሁ» ትላለች ታቢታ። ውሸት አይደለም፤ ትበላለች። ከማን ጋር እንደምትበላ ግን ማንም አይጠይቃትም። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል የሚሉትን ተረት ታቢታ አትወደውም። ብቻውን የሚበላ ሰው ሁሉ ወዶ የሚበላ ይመስላቸዋል።

እንግዲህ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከበሯ ፊት ለፊት ካለው ቦይ ዳር አንድ ፈረስ ቆሞ አገኘች። ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ቀኝ የፊት እግሩን ጫፉን ብቻ መሬት አስነክቶ ከፍ አድርጎ ይዞታል። ትከሻው ላይ ያልጠገገ የእሳት ትልትል አለ። ከጎኑ ሁለት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው እንደደረሱ ሽማግሌዎች፣ አንገታቸውን ሰብረው ቆመዋል።

ፈረሱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ታልፈው ነበር። ያናደዷት ወፎቹ ናቸው። ሞቱን ሲጠብቁ አየቻቸው፤ እሱም እንደሚጠበቅ ያውቃል። ድንጋይ አንስታ ወረወረችባቸው፤ ጥቂት ራቅ ብለው ደግሞ ቆሙ። ሲመሻሽ የቆርቆሮ በሯን ሁለቱንም መዝጊያ ከፈተችና ፈረሱን ከኋላው እየገፋች አስገባችው። መንገዱን ለመሻገር የፈጀበትን ጊዜ አያድርስ ነው።

ጎረቤቷ ግዛቸው ባጃጅ ጠጋኝ ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለ።

«እማማ ታቢታ፣ ይህን ሬሳ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ጅብ ከሚበላው አጥር ውስጥ ይሙት።»

«ሲሞት ማን ሊያወጣልዎት?»

«አንተ ነህ የምታወጣው» አለችውና በሩን ዘጋች።

ፈረሱ አልሞተም። ሣር ስትሰጠው ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ እግሩን ግን መሬት አያስነካም። በሳምንቱ ሊድያ የምትባል የእንስሳት ጤና ሠራተኛ የጎረቤት ላም ልታክም መጣችና ታቢታ በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት። ሊድያ ቦት ጫማዋን እንዳጠለቀች ገባች። ትከሻውን ገርመም አድርጋ አይታ አለፈችውና ጎንበስ ብላ እግሩን አነሳች።

«ትከሻው ነው አሉኝ እኮ» አለች ታቢታ።

«ማነው ያለዎት?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት፣ እማማ። ብዙውን ጊዜ ግን በሽታው ታች ነው። ቁጢጥ ብሎ የሚያይ ጠፍቶ እንጂ።»

በኮቴው ውስጥ የደረቀውን ጭቃ በቆልማማ ቢላዋ ፋቀችው። ከጭቃው ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ ወጣች። ነጥቧን ተከትላ ጥቂት እንደ ቆፈረች የከረፋ ጥቁር መግል ፈሰሰ፤ ከመግሉ ጋር የተሰበረ ሚስማር ወጣ። የታቢታ አውራ ጣት ግማሽ እንኳ አይሆንም። ፈረሱ ከሆዱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ታቢታ ሚስማሩን በመዳፏ ይዛ ቆይታ ትከሻውን አየችው። ያ ሁሉ እሳት ለዚህ ነው? በሽታው እግሩ ሥር፣ ቅጣቱ ትከሻው ላይ። እንባዋ መጣ፤ ለሊድያ ግን ጭስ ነው አለቻት፤ ጭስ አልነበረም።

ሊድያ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወጋችው፤ የሚደረገውንም ነገረቻት። ጠዋት ጠዋት እግሩን በሞቀ የጨው ውሃ መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ መጠቅለል፣ ጭቃ እንዳይነካው ማድረግ። «ኮቴ እንደ ጥፍር ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ትዕግሥት ይፈልጋል» አለቻት። ታቢታ በልቧ ሳቀች። ሌላ ነገር ቢጠይቋት ነው እንጂ ትዕግሥትስ ሞልቷት ተርፏታል።

ሳጥኑ ተከፈተ። የሆቴሉ አንሶላ ተቀዶ፣ ተቀቅሎ፣ ፋሻ ሆነ። ከፋሻው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ከከረጢቱ ላይ ግዛቸው እየተሳለቀ ያመጣላት የባጃጅ ጎማ ከመነዳሪ ይታሰራል። «ጋሪን ከሥራ ያስወጣው ባጃጅ ነው፤ አሁን ደግሞ ፈረሱን ጫማ ሊያጫማው ነው» እያለ ግን እሱ ራሱ ነው ለልኩ የቆረጠው።

መጀመሪያ ፈረሱ እምቢ አለ። ሳፋውን ረገጠው፣ ጨው ውሃውን ደፋው፣ አንድ ጊዜም ክንዷን በጥርሱ ያዛት። «የኔ ጌታ፣ እኔን ነክሰህ የትም አትደርስ» ትለዋለች። ከጉልበቱ ዝቅ ብላ በሁለት ጣቶቿ መታ መታ ታደርግና «እስቲ» ትላለች። እስቲ ስትል እግሩን በጉልበት ታነሳለች፤ ሲያስቀምጥ ፉርሽካ በመዳፏ ትሰጠዋለች። ጠዋት ሁሉ እንዲሁ። ዝናቡ ሊያባራ ሲል አንድ ቀን በሩን ከፍታ ወደ እሱ ስትመጣ ገና ጣቷን ሳትዘረጋ ያችን ቀኝ እግሩን ብድግ አድርጎ ጠበቃት። ታቢታ ሳፋውን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች። እሷን አይቶ የሆነ ነገር ያደረገ ፍጥረት ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

በግንባሩ ነጭ ምክንያት ቦራ አለችው። ምሳዋን በረንዳው ላይ፣ እሱ ሣሩን ከፊቷ፣ አብረው ይበላሉ። ሲያኝክ ድምፅ አለው፤ ያ ድምፅ እንዴት ደስ እንደሚል ለማን ይነገራል። ስለ ባሏ ታጫውተዋለች፤ ቤቱን ሠርቶ ሳይጨርስ እንዴት ሌላ ሰው ቤት ሊሠራ ይሄድ እንደነበረ። ስለ አንሶላ ታጫውተዋለች፤ በአንሶላ የሰው ጠባይ እንደሚታወቅ፣ አልቅሶ ያደረ ሰው ትራሱን ገልብጦ እንደሚሄድ። ቦራ ጆሮውን ወደ እሷ ያዞራል። ሐዳሳ እሑድ ደውላ «እማ፣ በላሽ?» ስትላት «በላን» አለች። «እነማን?» አለች ሐዳሳ። ታቢታ ደንግጣ መስመሩ ተቆራረጠ አለቻት።

መስቀል አልፎ ሜዳው ሲደርቅ ሊድያ መጥታ ፋሻውን ፈታች። ቀዳዳው በአዲስ ኮቴ ተሞልቷል። «በቃ፣ ድኗል። አሁን ያራምዱት» አለች። ታቢታ መረቀቻት፣ አመሰገነቻት፣ ስትሄድም በሩን ዘግታ ተደገፈችው። የዳነ ፈረስ የሥራ ፈረስ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ደስ ያላትን ያህል ፈራች።

የፈራችው ብዙም አልቆየም። በገመድ ይዛ ቦይ ዳር ሣር ስታስግጠው አንድ ወጣት ከመንገዱ ማዶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳዳም ይባላል፤ የሐላባ ልጅ ነው፣ ቅርብ ጊዜ ያገባ። ፈረሱን ከለቀቀ ወዲህ በሰው ጋሪ እየሸቀለ ይኖር ነበር።

«እማማ፣ ሰላም ዋሉ። ይሄ የኔ ፈረስ ነው» አለ። «አልሐምዱሊላህ። እሳቱ ዘግይቶ ሠራለት ማለት ነው።»

«እሳቱ?»

«አስተኩሼው ነበር። አልያዘለትም ብዬ ነው የለቀቅሁት። ለካ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው።»

ግዛቸው ከጋራዡ ወጥቶ መጣ። «የተለቀቀ ፈረስ ባለቤት የለውም፣ ወንድሜ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የአንተ ነገር» አለው።

«ለቀቅሁት እንጂ አልሰጠሁትም» አለ ሳዳም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለታቢታ ብቻ «ደንቡ አልሆነልኝም። ዞሬ አይቼዋለሁ» አላት። ይህን ብሎ በጥርሱ መሃል ፉጨት አፏጨ።

ቦራ ከሣሩ ቀና አለ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ ልጁ ቆሙ፤ ታቢታ ስለ ባሏ ስታወራው የሚያዞራቸው እነዚያው ጆሮዎች። ከግዛቸው ክርክር ይልቅ ይህ ፈረደ። ገመዱን ሰጠችው። ከመስጠቷ በፊት ግን የተሰበረውን ሚስማር ከቤት አምጥታ አሳየችው፤ ከየት እንደ ወጣም እግሩን አንስታ አሳየችው። ሳዳም በአክብሮት ሰማ። ሽማግሌ ሲናገር እንደሚሰማ ሰማና ሚስማሩን ኪሱ ከተተው። ስሙ ቦራ ነው ስትለው «ስም ምን ያደርግለታል እማማ፣ ጋሪ ለሚጎትት» ብሎ ሳቀ።

ያን ቀን ምሳዋን ቤት ውስጥ በላች።

ግን በማግስቱ ጠዋት የኮቴ ድምፅ ከቡሹሎ በኩል መጣና በሯ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከፍታ ወጣች። ቦራ ጋሪው ላይ እህል እንደ ተጫነ ቆሞ፣ ቀኝ እግሩን ብድግ አድርጎ ይጠብቃታል። ሳዳም ከላይ ዛቡን ይጎትታል፣ ምላሱን ያጮሃል፤ ፈረሱ ወይ ፍንክች። ታቢታ ጎንበስ ብላ ኮቴውን አየች፣ በሁለት ጣቷ መታ አደረገችው፣ ሮጣ ገብታ ፉርሽካ አመጣች። ከዚያ በኋላ ነው የሄደው። በሚቀጥለውም ጠዋት እንዲሁ፤ በሚቀጥለውም። ታቢታ ማልዳ ፊቷን ታጥባ፣ ንጹሕ ሻሽ አስራ፣ ፉርሽካውን በሳህን ይዛ ትጠብቃለች። እንዲህ ሰው ጠብቃ አታውቅም፤ ባሏንም ቢሆን።

ባለጭነቶቹ ግን ሌላ ነገር ነው ያዩት። እግሩን አንስቶ የሚቆም ፈረስ ያዩ ሰዎች የሚያስቡትን አሰቡ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሳዳም ጋሪውን ፈትቶ ፈረሱን ብቻ እየሳበ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ታቢታ በረንዳው ላይ አስቀመጠችው።

«እማማ፣ አገርሽቶበታል።»

«ምኑ?»

«እግሩ። ያዩታል እኮ፣ እዚህ ሲደርስ ያነሳታል። ጭነት የሚሰጡኝ ሰዎች ሸሹ። የሚያነክስ ፈረስ ላይ እህሉን ማን ያምናል? ሰውዬውን አነጋግሬዋለሁ፤ ቅዳሜ መጥቶ ይተኩሰዋል። ያኛውን ትከሻም ጨምሮ። ካልሆነ ደግሞ...»

«ካልሆነ ደግሞ?»

«ሌላ ቦታ አልጥለውም። እዚሁ ደጅዎ እለቀዋለሁ። እርስዎ ይወዱታል፤ እሱም ለምዶዎታል። ጅብ ከሚበላው።»

የራሷ ቃል ነው ተመልሶ የመጣው። ታቢታ እጇን በጉልበቷ ላይ አደረገች። ማድረግ ያለባት ነገር የለም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው። ቅዳሜ ያልፋል፤ በኋላ ልጁ ፈረሱን ለቅቆ ይሄዳል፤ አሁን ዞሮም አያይ። ሳፋው አለ፣ አንሶላው አለ። ምሳ በረንዳ ላይ ይሆናል። እሑድ ሐዳሳ ስትደውል «በላን» ትላለች፤ እነማን ስትላትም ትነግራታለች። ታቢታ በማንኛውም ነገር ላይ ከጌታ ጋር የምትማከር ሴት ናት። በዚያ ሰዓት ግን አላማከረችውም፤ ምን እንደሚላት ታውቀዋለች።

ቦራ ግቢው መሃል ቆሟል። የአሮጌው እሳት ጠባሳ ላይ ጠጉር አልበቀለም። ከሷ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገናኙ ያችን እግሩን ብድግ አደረገ።

«ያው፣ አዩት?» አለ ሳዳም።

«ገበያ ስትደርሱ ያነሳታል?» አለችው።

ልጁ አሰበ። «አያነሳም።»

«ቤትህስ?»

«ቤቴም አያነሳም። እዚህ ብቻ...»

«አላመመውም» አለች ታቢታ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሆነ ነገር ከእጇ እንደወደቀ ተሰማት። «ጤነኛ ነው። ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ሳክመው ጠዋት ጠዋት አነሳት ነበር፤ ፉርሽካ እሰጠዋለሁ። አሁንም ላሳይሽ ብሎ ነው የሚያነሳልኝ። እሳት የሚባል ነገር እንዳታስነካው።»

ሳዳም ፈረሱን፣ ከዚያ እሷን አየ። ከኪሱ ያችን ሚስማር አወጣት። አልጣላትም ነበር። «እሳቱ አይደለም እንግዲህ ያዳነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

«ና ዝቅ በል» አለችው። ከጉልበቱ በታች የቱ ጋ መታ መታ እንደሚደረግ በሁለት ጣቷ አሳየችው፤ የሱን ጣቶች ይዛ አስለመደችው። ማታ ማታ ቤቱ ሲገባ አራቱንም እግሮች አንስቶ እንዲያይ፣ ፉርሽካውንም እሱ እንዲሰጠው፣ ሲያነሳውም «እስቲ» እንዲለው ነገረችው።

«እዚህ ሲደርስስ? መቆሙን በምን ይተዋል?»

«እኔ አልወጣም» አለች።

ሳዳም ነገሩ የገባው ቆይቶ ነው። ሲሄድ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ሳመው።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ጠዋቶች እንዴት እንዳለፉ ታቢታ ለማንም አልተናገረችም። የኮቴው ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፤ በሯ ላይ ይቆማል። እሷ ከቆርቆሮው በስተኋላ፣ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ ቆማለች። በመሃላቸው አንዲት ስስ ቆርቆሮ ናት፤ ትንፋሹ ይሰማታል። ይጠብቃል። እግሩን ብድግ እንዳደረገ ሳታየው ታውቃለች። አንድ ጠዋት ቆይቶ ቆይቶ በአፍንጫው አንኮራፋ፤ እሷም መቀርቀሪያውን ግማሽ ድረስ ሳበችውና መልሳ ዘጋችው። «እንሂድ፣ ቦራ» ይላል ሳዳም ከውጭ፣ በቀስታ። በስሙ ጠራው። ከዚያ ኮቴው ይቀጥላል፣ እየራቀ፣ እስኪጠፋ። ግዛቸው ጋራዡ በር ላይ ሆኖ ያያል፤ እንደ ልማዱ አይቀልድም።

እየዋለ እያደረ መቆሙ አጠረ። ቆም ሲል፣ ዘግየት ሲል፣ ዝም ብሎ ፍጥነቱን ሲቀንስ። ታቢታ ግን ማልዳ መነሳቷን፣ ሻሿን ማሰሯንም አልተወችም። ያ ሳህን እንኳ በእጇ ነበር፤ ማን እንደሚበላው ራሷም አታውቅም።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ሐይቁ ብርድ በሚልክበት አንድ ጠዋት፣ ኮቴው ከቡሹሎ በኩል መጣ። ቀረበ። ታቢታ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አደረገች። በሯ ላይ ደረሰ፣ አልዘገየም፣ አለፈ። ዓይኗን ጨፍና ከአራቱ ኮቴዎች ድምፅ መሃል ቀኝ የፊት እግሩን ለመለየት ሞከረች፤ መለየት አልቻለችም፤ ኮብልስቶኑን እንደ ሌሎቹ እኩል ይመታል። በተዘጋው በር ፊት ቆማ፣ ሰምቷት እንዳይመለስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጎበዝ» አለችው።